ዐሥራ ሁለት ክረምት ያላየሁት ጣሪያ

ብዕሩን የያዘችው ጥሩነሽ ናት፣ የታላቅ እኅትሽ የደብሬ ልጅ። ቃሉ የኔ የባልሽ የተገኘ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ታውቂዋለሽ፤ አላፍርበትም። ማረስ፣ ማጨድ፣ ለሙጫ ግራር መፋቅ አውቃለሁ። እሷ መሠረተ ትምህርት ተምራለች። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቄያታለሁ፤ ያልኩትን እንዳልኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያለሁ።

ይታይሽ፣ የቤቴ እመቤት፣ እንደምን ከርመሻል? ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። በዓምናው የካቲት ወባው ወሰደሽ፣ አሁን ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ተዝካርሽን እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ። ቄሱ ጠላው ቀጥኗል ብለው አጉረመረሙ። ማሽላ ከገበያ የጠፋበት ዓመት መሆኑን ለእሳቸው ማን ይንገራቸው። እኔ ግን ጠጥተው እስኪነሡ ቀዳሁላቸው፤ ያንቺ ቀን ነበርና።

ቤቱ ደኅና ነው። የውሃው ማሰሮ አልተሰበረም። የበሩን መቀርቀሪያ ቀይሬያለሁ፤ ያንን የሚንጫጫውን፣ አንቺ ሌባ ይጠብቅልኛል እያልሽ እንዳይነካ የከለከልሽውን። ይቅር በይኝ፣ ሌባውም እንደኛ ደህይቶ መምጣቱን ትቷል። አንዷ ፍየል ሞተች፣ አንዷ አለች። ጉልበቴ ያው ነው፤ ስቀመጥ ተነሣ ይላል፣ ስነሣ ተቀመጥ ይላል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሰማዩ ዘጋ። በዓምናው ክረምት፣ እዚህ ኸሪፍ በሚሉት፣ ጠብም አላለ። ሰሊጡ ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ፤ በየዓመቱ የምቀጠርለት ባለእርሻ ገና መስከረም ሳይጠባ በሎሪ ጭኖ መለሰን። ከዚያ ከድንበሩ ማዶ፣ ከአገራችን፣ ሰው መምጣት ጀመረ። ከበለሳ፣ ከወገራ፣ ከትግራይ፣ ከወሎ። በእግሩ። ያየሁትን ሁሉ አላስጽፍም። ጥሩነሽ ራሷ በዚያው መንገድ መጥታለች፤ በእጇ እንድትጽፈው አላደርግም። ብቻ አንድ ቀን ገበያ ላይ አንድ ሰው፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር የበለሳዋን ይታይሽን እያለች ትጠይቃለች አለኝ። በማግስቱ ሎሪ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ሳያት ማንም ማሳየት አላስፈለገውም። አገጯ ያንቺ ነው። ስትቆጣ ወደ ግራ የሚሄደው አገጭሽ። እናቷ ደብሬ በሕይወት አለች፣ ከአንዲት ላም ጋር አልነቀልም ብላ በለሳ ቀርታለች። ጥሩነሽ ከባሏ ከዓለነ ጋር ነው የመጣችው። ስለ አንቺ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ አለቀሰች። ከዚያ የተጠለሉበትን ሸራ አየሁት። ከሸራው በታች ስድስት ሰው ይተኛል። ሆዷን አየሁት። ኸሪፍ ሊገባ ነው። አራስ ዝናብ ከነካት ምን እንደሚሆን አንቺም እኔም በዓይናችን ያየነው ነው፤ የእኛዋን ልጅ የቀበርነው በእርጥብ ሣር ጎጆ ውስጥ ከዋለች በኋላ ነው። ቆርቆሮ የገዛነውም ለዚያ ነበር።

በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ ከዚህ ሸራ ሥር አትወልጂም። የኔ ቆርቆሮ ዐሥራ ሁለት ኸሪፍ አንዲት ጠብታ አላሳለፈም፣ ቀዳዳውን በእጄ የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ ቢነካሽ ተገኘ አልባልም። ሽማግሌዎቹ ሰሙኝ። አንዱ እንዲያውም እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው እግዜር ይወደዋል አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ጉዟችን ደግ ነበር። ዓለነ በኔ ፈንታ ፋሽጋ ወርዶ እርሻውን እንዲያርም ከባለእርሻው ጋር ተነጋገርን፤ ጉልበቱ ወጣት ነው፣ እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር ሰው መኖር አለበት አልኩ። እንዲህ ሆኖ ነው ቤት ከሠራን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኸሪፉን ቤቴ ልቀመጥ የሆነው።

ይኸን ልብ በይልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ሎሪ ላይ እወጣለሁ። ስመለስ ኅዳር ነው። ዝናቡን የማሳልፈው እርሻ ላይ ነው። በቤቴ ላይ ሲዘንብ አንድ ቀን አላየሁም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ጣሪያዬን አውቀዋለሁ ስል የማውቀው ደረቁን ነበር።

ያን ቆርቆሮ የገዛን ቀን ታስታውሻለሽ? ከፈረሰ መጋዘን የወጣ፣ ምስማር እንደ ወንፊት የበሳው ዐሥራ አራት ቆርቆሮ። አስገብተን ስንሰቅለው በቀን ከዋክብት ያለው ቤት ሆነ። አንቺ አልጋው ላይ ተንጋለሽ፣ ተገኘ የሰማዩን ኮከብ እዚህ አውርደኸዋል ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔም ተናደድኩ። በበጋ ሙጫ ለቃሚ ነኝ፤ ሙጫ ምን እንደሚያጣብቅ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ጥሩ ጥሩውን መርጬ ወቀጥኩ፣ በጥቂት ውሃ አሟሟሁ፣ አመድ ለወስኩበት፣ በእሳት አወፈርኩት። እያንዳንዱን ቀዳዳ በጣቴ ደፈንኩ። በሁለተኛው ቀን ደርቆ እንደ መስተዋት አበራ። በጥፍር ብትጭሪው አይነካም። በየዓመቱ ከመሄዴ በፊት አዲስ የተከፈተ ቀዳዳ ካለ እጨምርበታለሁ፤ ከዚያ ሎሪ።

በኅዳር ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው ጣሪያ መውጣት ነው። ሙጫዬ ጠቁሮ አገኘዋለሁ። ጥቁር፣ ሸካራ፣ በላዩ አሸዋ የመሰለ ነገር ያለበት፣ እንደ ብረት የጠነከረ። በሰፈሩ ሁሉ አወራሁ፦ ሙጫ ዝናብ ሲጠጣ ይጠቁራል፣ ሲጠቁር ነው የሚበስለው፣ ይኸን ዐረቦቹም አያውቁትም አልኩ። ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንቺ ዱቄት እየነፋሽ ነበር። እጅህ ይባረክ አልሽኝ። ቀና እንኳ አላልሽም።

ዘንድሮ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ጥሩዬ፣ ይኸን አትዝለይው። ቤት እውላለሁ፣ እንግዳ አለኝ፣ ቃል ሰጥቻለሁ፤ እንግዲያው ዘንድሮ ሥራዬን ከሥሩ አዲስ አደርገዋለሁ አልኩ። መሰላል አቁሜ ወጣሁ። በአሮጌ መኮትኮቻ ያን ጥቁሩን ሁሉ ፈነቀልኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እየፈነቀልኩ፣ አቤት ሙጫዬ እንዴት ነው የያዘው እያልኩ ራሴን አደነቅሁ። አንዳንዱ ከታቹ ጆንያ ነበረበት። እኔ ጆንያ አድርጌ አላውቅም። ዓይኔ አላየም አልልሽም። አይቷል። ልቤ ነው አላይም ያለው። ጠርጌ ጣልኩትና በአዲስ ሙጫ ደፈንኩ። አበራ። ጥሩነሽን ከታች ጠርቼ አሳየኋት፤ መስተዋት ይመስላል አባባ አለችኝ።

ሰኔ ሚካኤል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራው ቀደመ፣ ከዚያ ደመናው መጣ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ጮኸ። ደስ አለኝ፣ ይታይሽ። እንደ ባለርስት በገመድ አልጋዬ፣ በአንገሬቡ ላይ ተጋደምኩ። ሌላው ሰው ዓመት ዓመት የሚሰማውን ድምፅ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቴ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ግንባሬ ላይ አንድ ነገር አረፈ። ነካሁት፤ ይጣበቃል።

ቀና ስል ሙጫዬ እየመጣ ነው። ከየቀዳዳው እንደ ማር ክር እየሠራ፣ እየተንጠለጠለ፣ ሳይቸኩል። ሙጫ በውሃ እንደሚሟሟ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው፤ በውሃ አሟምቼ የሠራሁት እኔው አይደለሁም? ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀውን ነገር ራሴ ላይ ሲንጠባጠብ ነው ያወቅሁት። በጥሩነሽ ፀጉር ላይ ወረደ። በብርድ ልብሷ ላይ ወረደ። የእርዳታውን ዱቄት ሮጠን ከደንነው፤ እሱ ተረፈ። ሙጫው ሲያልቅ ውሃው ተከተለ። ደረቅ ጥግ ጠፋ። ነፍሰ ጡሯን በሩ ሥር አቁሜ ጋቢዬን በራሷ ላይ ዘርግቼ ዝናቡ እስኪያባራ ቆምን። በማግስቱ ጉንዳን መጣ፣ ዝንብ መጣ፣ ፍየሏ ገብታ ብርድ ልብሱን ላሰችው።

እሱ ሁሉ አይደለም የገደለኝ። ጠዋት ጥሩነሽ ዕቃዋን በነጠላዋ ስትቋጥር አየኋት። ቀስ ብላ፣ እንዳልቀየም ብላ፣ አባባ እዚያ ሸራው ይሻለኛል መሰል፣ ጓደኞቼም ናፈቁኝ አለች። አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አገጯ ወደ ግራ ሄዶ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን አሮጊቷ ሐቦባ ዘይነብ ፍየሏን ልታስወጣ የገባችው። ብርድ ልብሱን አየች፣ የጥሩነሽን ፀጉር አየች፣ ወደ ላይ አየች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ አላየኋትም። ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አለችኝ፣ የሚስትህን ሥራ የት አደረስከው? የሚስቴን የቱን ሥራ? አልኩ። ጣሪያውን ነዋ! አለች።

ከዚያ በዐረብኛ አወረደችው፤ እኔም ቆሜ ሰማሁ። በየዓመቱ ሎሪው እኔን ይዞ በሄደ በሦስተኛው ቀን አንቺ የኔን አሮጌ ሱሪ ታጥቀሽ ጣሪያ ትወጫለሽ። መሰላሉን የምትይዘው ዘይነብ ናት። ሙጫዬን ትፍቂና እኛ ሬንጅ የምንለውን፣ እነሱ ዝፍት የሚሉትን፣ ያን የአስፋልት መንገድ ሲሠራ ከሠራተኞቹ ለምነሽ ያመጣሽውን ትቀቢያለሽ። ጆንያ ትለጥፊበታለሽ። አሸዋ ትነሰንሺበታለሽ። የሱሪዬ ጉልበት ላይ ያለው ጥቁር ነገር የሎሪ ግራሶ ነው እያልሽ ስታጥቢው ነበር! የፋቅሽውን ሙጫ ደግሞ አልጣልሽውም፤ አጥበሽ ለዘይነብ ትሰጫታለሽ። እሷም በውሃ አሟምታ ለጨጓራዋ ትጠጣዋለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ጣሪያህን ስጠጣ ኖርኩ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ተሽሎኛል አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ጥሩነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አሁንም እየጻፈች ሸፍናዋለች፣ አይቻታለሁ።

ልቆጣ ሞከርኩ። ያልሽኝን ሁሉ እያስታወስኩ፣ እንዴት ታታልለኛለች ልል ሞከርኩ። አንድ ቀን እንኳ ጣሪያውን እኔ ነኝ የሠራሁት ብለሽ አልነገርሽኝም። እጅህ ይባረክ ነው ያልሽኝ። ቁጣው አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው፤ አንቺ የተውሽልኝን ጣሪያ እኔ በመኮትኮቻ መፈንቀሌ። በእጄ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ራሴን እያደነቅሁ።

ከዚያ ሥራው ነበር። ዘይነብ ቤቷ ገብታ አንድ ጣኒካ ይዛ ወጣች። እኔ እንዳላይብሽ እሷ ጓዳ ያስቀመጥሽው ዝፍት፣ ግማሹ አለ፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ነገር ግን ዘይነብ አትወጣም፣ ሰማንያ ሊሞላት ነው። ጥሩነሽ አትወጣም። የምወጣው እኔ ነኝ፣ የምታዝዘኝ እሷ ናት፣ የሚያየን ሰፈሩ ነው። ይታይሽ፣ እኔ ከአባቴ በቀር ማንም ከታች ሆኖ አዝዞኝ አያውቅም። ጥሩነሽን ግን አየኋት፤ ቋጠሮዋን አልፈታችውም ነበር። እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ሁለት ቀን ፀሐይ ጠበቅን፤ እርጥብ ቆርቆሮ ዝፍት አይቀበልም። ከሙጫዬ የተረፈውን በሙቅ ውሃ አጠብኩ፤ ለመልቀቅ ሲሆን ጨዋ ነው፣ አላስቸገረኝም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁ፣ ነጩ እስኪታይ። ከዚያ ቀዳዳውን ከላይ ሆኜ ማየት አቃተኝ፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ዘይነብ ጮኸችብኝ፦ ይታይሽማ ከታች ሰንበሌጥ ታሾልክበት ነበር! ጥሩነሽ አንገሬቡ ላይ ቆማ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ብርሃን በሚገባበት ሁሉ ሰንበሌጥ ወደ ላይ ሰደደች። ቆርቆሮው ፂም አበቀለ። ቆጠርኩት፤ ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ሰባት ጊዜ የእጅሽን ድካም ለካሁት።

ዝፍቱን ከቤት ራቅ አድርገን በከሰል አቀለጥነው። የተነፋ አመድ ጨመርንበት፣ ከእንጨት ላይ ሲያነሡት ቀስ ብሎ እስኪወርድ ድረስ። ሥራው ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ከበረታ ቆርቆሮው ይግልና ዝፍቱ ይፈሳል። እኔ የመጀመሪያውን ቀዳዳ አብዝቼ ለቀለቅሁት፣ ወፍራም ነው ጥሩ ብዬ። ዘይነብ ከታች፦ ያ ዞል፣ ጣሪያ እየደፈንክ ነው ወይስ ገንፎ እያገነፋህ? ወፍራሙ ይሰነጠቃል፣ ስስ አድርግ! አለች። ሰፈሩ ሳቀ። ስስ አደረግሁ። ከቀዳዳው ዙሪያ አንድ አንድ መዳፍ አሳልፌ ቀባሁ፣ የጆንያ ቁራጭ ለጠፍኩ፣ እስኪጠጣ ተጫንኩት፣ በላዩ እንደገና ስስ ቀባሁ፣ ደረቅ አሸዋ ነሰነስኩ፣ ፀሐይ እንዳትበላው። ይህን ሁሉ የምታውቂውን ለምን እነግርሻለሁ? እንደተማርኩ እንድታውቂልኝ ነው። በሦስት ጠዋት ጨረስኩ። ጉልበቴ አንድ ሳምንት አላናገረኝም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ማንም አላየውም። ከጫፉ፣ ከበሩ በላይ ካለው ቆርቆሮ ላይ፣ መኮትኮቻዬ ያልደረሰበት አንድ ያንቺ ልጥፍ አገኘሁ። ጣትሽ አለበት። አሸዋውን ስትጫኚ የገባ የሌባ ጣትሽ ጕድጓድ። ጣቴን ልከትበት አልኩ፤ ጠበበኝ፣ ያንቺ ቀጭን ነበር። እሱን አልነካሁትም። ይዟል።

ጥሩነሽ ቋጠሮዋን ፈታች። እኔ ግን አላመንኩም። ዝናብ ጠፋ። ዐሥራ አንድ ቀን ጠፋ። ሰው ሁሉ ሰማይ እያየ ለእህሉ ይጸልያል፤ እኔም እጸልያለሁ፤ ግን የኔ ጸሎት ሁለት ልብ ነበረው። ይዝነብ እላለሁ፣ ልጆች ይብሉ፤ ደግሞ እሷ እስክትወልድ ቆይ እላለሁ። እግዜር እንዲህ ያለውን ጸሎት ምን እንደሚያደርገው አላውቅም።

ሐምሌ ገብርኤል ዕለት ምጡ ያዛት። ከምሳ በኋላ ነው። ዘይነብ ገባች፣ ሌሎች ሁለት ሴቶች ገቡ፣ እኔን አስወጡኝ፤ እንደ ደንቡ ነው። ከደጅ ባለው የሣር ዳስ፣ ራኩባው ሥር ተቀመጥኩ። ገና ቁጭ ስል አቧራው ተነሣ። ከዚያ መጣ። እንዲህ ያለ ዝናብ አንቺ ከነበርሽበት ጊዜ ወዲህ አልዘነበም። ራኩባው ጥላ እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ በአንድ አፍታ እንደ ውሻ ረጠብኩ። ግን የት እሄዳለሁ? ቤቴ በር ላይ ቆምኩ። ከውስጥ የሚሆነውን አላይም። ቆርቆሮው ሲጮህ የሷን ድምፅ ዋጠው። ውሃ ይግባ አይግባ አላውቅም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳላይ የኮራሁበትን ጣሪያ፣ አሁን ማየት በፈለግሁ ሰዓት በር ተዘግቶብኝ ቆምኩ።

ጮህኩ፦ ዘይነብ! ጠብ ይላል? በሩን መታሁ፦ ጠብ ይላል ወይ? ከውስጥ ድምፅዋ መጣ፦ ዝም በል ያ ዞል! ሴትዮዋ ታምጥ ወይስ ጣሪያህን ትቁጠርልህ? ሴቶቹ ሳቁ። በምጥ መኻል ሳቁ። ጥሩነሽም ስቄ ነበር ብላኛለች፤ እኔ እንጃ፣ ትዋሸኝ ይሆናል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ስምሽን እየጠራሁ ከግድግዳው ጋር ተለጥፌ ቆምኩ። ማርያምን ጠራሁ፣ አንቺን ጠራሁ፣ እንደገና ማርያምን።

ከዚያ ልጅ አለቀሰ። እልልታው ዝናቡን በላው።

ዘይነብ በሩን ከፈተች። መዳፏን ጨብጣ ነበር። እጅህን ዘርጋ አለችኝ። ዘረጋሁ። ከአንገሬቡ ሥር፣ ልጅቱ ከተወለደችበት ሥር የዘገነችውን አፈር እርጥብ መዳፌ ላይ አፈሰሰችው። እፍ በልበት አለች። እፍ አልኩበት። በነነ። አቧራ ነበር፣ ይታይሽ። ደረቅ አቧራ። በዚያ ዝናብ መኻል ፊቴ ላይ አቧራ በነነብኝ።

ሴት ልጅ ናት። አገጯ የማን እንደሆነ ገና አልለየንም፣ ወፍሯል። ሴቶቹ በስምሽ ትጠራ አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ፤ ስምሽ ያንቺ ነው፣ እሷ የራሷን ትፈልግ። አባቷ ከፋሽጋ ሲመለስ ያወጣላታል። ቃል ልኮልናል፤ ሰሊጡ ከወገብ አልፏል ብሏል። ማሽላው ደግሞ ሰው ይሰውራል። ገበያው ገና ክፉ ነው፤ ከወዲያ የሚመጣውም ሰው አላቋረጠም። ግን ምድሪቱ አረንጓዴ ሆናለች። ሁለት እንግዶች ጨምሬያለሁ፣ ከደረቁ ቤት ጥግ አለ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይኸን ለመናገር ነው ደብዳቤውን ያስጻፍኩት። ባለፈው የሚካኤል ማኅበር ላይ ዝናቡን አወሩ። ከመጠለያው የመጣ አንድ አዲስ ሰው፣ አያ ተገኘ ያ የሚጠቁረው ሙጫህ እንዴት ነው የሚሠራው፣ የኔ ጎጆ ያፈሳል አለኝ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ብርሌው በእጄ ነበር። ይታይሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ዘገየሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የለበስኩት ልብስ ነው፤ በሰው ፊት ማውለቅ ብርድ አለው። ከዚያ ተነሣሁና፣ ሙጫው ቀልድ ነበር፣ ጣሪያዬን የደፈነችው ሚስቴ ይታይሽ ናት፣ በዝፍት፣ እኔ ሳላውቅ፣ አልኩ። አንድም ሰው አልገረመውም። እድሜ ጠገቡ አያ ካሣ ጢሙን እየጠረገ እንዲህ አለ፦ እኛማ እናውቃለን። እናንተ ወንዶች የእጁን ሥራ አታጣጥሉበት፣ እንዳትነግሩት ብላ አስምላናለች።

ሁሉም ያውቅ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ስለ ሙጫ ስለፈልፍ ራሳቸውን የነቀነቁት ሁሉ። በኔ ላይ ሲስቁ አልነበረም፤ ያንቺን ቃል ሲጠብቁ ነበር። እኔ ተቀመጥኩ። ጽዋውን ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ቀሎኛል። የሚገርመው፣ አሁንም አያ ተገኘ ይሉኛል።

እንግዲህ ቃሌ ይኸ ነው። በየዓመቱ በግንቦት፣ ሎሪው ሳይመጣ፣ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ። እኔ ባልችል ዓለነን አወጣለሁ። የተሰነጠቀውን እናድሳለን፣ ያ ጣትሽ ያለበትን ግን አንነካም። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ፣ ማን ሠራው ሲለኝ፣ ይታይሽ ናት እላለሁ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። እስከ ዛሬ ያልሰማሁትን ነው የምሰማው፣ ዕዳ አለብኝ። ልጅቱ በድምፁ ትተኛለች፤ እኔ ግን እነቃለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምነቃው።

እጅሽ ይባረክ። ለአንቺ ሳልለው ነበር የቀረው።

ባልሽ ተገኘ ነኝ።

በቃ ጥሩዬ፣ አንብቢልኝ። ከላይ ጀምሪ። ቀስ ብለሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፤ እሷም እንድትሰማው።